“ጥሩ ሰፈር” ያለው ማነው?

አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ስቴት ወደ ሌላ ስቴት ቤቱን ነቅሎ የሚሄድ ሐበሻ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ይታወቃሉ። ቤት ስንት ነው? ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው? ሥራ ቦታ ስንት ደቂቃ ይወስዳል? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ቅርብ አለ? እንጀራ የሚሸጥ ሱቅስ? በመጨረሻ ሁሉም ተጠቅልሎ አንድ ጥያቄ ይሆናል፦ ለልጆች የሚሆን፣ ዋጋውም የሚቻል ሰፈር የት ነው?

ታላቅ እህቴና ባለቤቷ ይህንን ጥያቄ ይዘው ነው የመጡብኝ። ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ ዳላስ ሊዛወሩ ወስነዋል። እህቴ ነርስ ናት፤ ሰሜን ዳላስ ውስጥ ሥራ አግኝታለች። የዘጠኝና የስድስት ዓመት ልጆች አሏቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለዓመታት ኪራይ ከፍለው ያጠራቀሟት ገንዘብ እዚያው ቤት ልትገዛላቸው አልቻለችም፤ ዳላስ ግን ምናልባት ትችላለች። ያቺ ገንዘብ አንዴ ከወጣች ደግሞ ሁለተኛ የለችም። እኔ ሶፍትዌር ሠርቼ የምኖር ሰው ስለሆንኩ በቤተሰባችን ውስጥ “ኮምፒውተር አዋቂው” ነኝ። “አንተ ቁጥሩን አስላና ንገረን፤ ከዚያ ወዲያ እኛ እንጸልይበታለን” አለችኝ።

ኤክሴል ከፈትኩ። በአንድ በኩል የዳርቻ ከተሞቹን ስም ደረደርኩ፦ ፕሌኖ፣ ፍሪስኮ፣ ሪቻርድሰን፣ ጋርላንድ። በላይ በኩል ደግሞ የቤት ዋጋ፣ ከአሥር የሚሰጠው የትምህርት ቤት ነጥብ፣ የንብረት ግብር፣ የመንገድ ርቀት። ሲሞላ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። ዓምዶቹ አብረው ነው የሚንቀሳቀሱት። ነጥቡ ከፍ ሲል ዋጋው ከፍ ይላል፤ አንደኛውን ካወቅኩ ሁለተኛውን ሳላይ መገመት እችላለሁ። ምህንድስና ስንማር እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ከሁለቱም ጀርባ ሆኖ ሁለቱንም የሚያንቀሳቅስ ሦስተኛ ነገር ምንድን ነው?

መልሱን ኤክሴል ውስጥ አላገኘሁትም፤ ታሪክ ውስጥ ነው ያገኘሁት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መስመሩ ሲሰመር

በ1926 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንዲት ትንሽ መንደር የነበረችበትን ክርክር ፈረደ። ከኦሃዮዋ ክሊቭላንድ አጠገብ ያለችው ዩክሊድ መሬቷን ከፋፍላ “እዚህ ፋብሪካ፣ እዚህ ሱቅ፣ እዚህ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ” ብላ ደንብ አውጥታ ነበር። ፍርድ ቤቱ መብቷ ነው አለ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ በቤቶች መካከል የሚሠራን አፓርታማ ከጥገኛ ተባይ ጋር እስከማመሳሰል ሄደዋል። ዞኒንግ የሚባለው ነገር በመላ አገሪቱ ሥር የሰደደው ከዚህ ፍርድ በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት፣ በ1917፣ ይኸው ፍርድ ቤት ከተሞች በዘር ለይተው “ጥቁር እዚህ፣ ነጭ እዚያ” የሚል ሕግ እንዳያወጡ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ በዘር መከልከል ያልቻለ ከተማ በመሬት ስፋት መከልከል ይችላል። አንድ ቤት ቢያንስ ይህን ያህል መሬት ላይ ካልተሠራ አይፈቀድም ከተባለ ድሃው በሩ ላይ ይቀራል፤ ማንም ስሙን መጥራት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው መስመር የተሰመረው በብድር ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ፣ በ1933፣ መንግሥት ቤታቸውን ሊያጡ ለነበሩ ሰዎች ብድር የሚያድስ ተቋም አቋቋመ። ይህ ተቋም ከ200 በላይ ከተሞችን ካርታ አሠርቶ ሰፈሮቹን በአራት ቀለም አስቀባ፦ አረንጓዴ ምርጥ፣ ሰማያዊ ደህና፣ ቢጫ እያሽቆለቆለ ያለ፣ ቀይ አደገኛ። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር፣ ቤቱ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ዕጣው ባብዛኛው ቀይ ነበር። በ1934 የመጣው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ደግሞ ባንኮች ለሚሰጡት የቤት ብድር ዋስ ሆነ፤ ዋስትናውን ያፈሰሰው ግን አዲስ በሚሠሩና ነጮች ብቻ በሚኖሩባቸው ዳርቻዎች ላይ ነው። መመሪያው ራሱ በሽያጭ ሰነድ ላይ የዘር ክልከላ እንዲጻፍ ይመክር ነበር።

ጦርነቱ አልቆ ወታደሩ ሲመለስ ማሽኑ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። በ1944 የወጣው ሕግ ለተመላሾች ያለቅድመ ክፍያ የቤት ብድር ከፈተ። በ1947 ከኒው ዮርክ ወጣ ብሎ ሌቪታውን ተጀመረች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ17,000 በላይ ቤቶች በፋብሪካ ሥርዓት ተገጣጠሙ። በ1949 አንዱ ቤት 7,990 ዶላር ይሸጥ ነበር። “ዋጋው የሚቻል፣ ለልጆች የሚሆን ሰፈር” የሚለው ሕልም መልክ ያገኘው እዚህ ነው፤ ሣሩ፣ አጥሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሁሉ ነገሩ። የመጀመሪያዎቹ የኪራይ ውሎች ግን ነጭ ያልሆነ ሰው ቤቱ ውስጥ እንዳይኖር የሚከለክል አንቀጽ ነበራቸው። በ1957 የፔንሲልቫኒያዋ ሌቪታውን ውስጥ ዊልያምና ዴዚ ማየርስ የሚባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ቤት ገዝተው ሲገቡ ሕዝብ ተሰብስቦ ድንጋይ ወረወረባቸው።

ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። ገንዘቡን ተከተሉት። በ1949 በ7,990 ዶላር ቤት የገዛ ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልጁን ኮሌጅ የሚያስተምርበት፣ ለልጁ ቤት መግዣ የሚሰጥበት ሀብት ነበረው። ያልተፈቀደለት ሰው ደግሞ የሠላሳ ዓመት የኪራይ ደረሰኝ። ዛሬ እኔ ኤክሴል ላይ የማየው “የቤት ዋጋ” የሚባል ዓምድ የእነዚያ ሁለት ሰዎች ልዩነት ሲወራረስ የመጣ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሁልጊዜ የእኛ አልነበረችም

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትሄዱ ኪትፎ ፍለጋ ብዙ አትደክሙም። ጸጉር ቤቱ፣ የሒሳብ ባለሙያው፣ የጉዞ ወኪሉ በአማርኛ ያስተናግዷችኋል። እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ያረፈችው እዚያ ነው። ከተማዋ ከጥንት ጀምሮ እንግዳ ተቀባይ የነበረች ይመስላታል።

አልነበረችም። በ1920ዎቹና ከዚያ በኋላ ኢ. ብሩክ ሊ የተባለው ፖለቲከኛና የመሬት ነጋዴ፣ ሌሎችም እንደ እሱ ያሉ፣ ሰፈሮቹን ሲዘረጉ በሽያጭ ሰነዱ ላይ የዘር ክልከላ ይጻፍ ነበር። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ክልከላ ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም ቢልም ልማዱ አልጠፋም። አፓርታማ አከራዮችም በሩን እንደዘጉ ቆዩ።

በ1964 ዋሽንግተንን የሚዞረው ቤልትዌይ ተከፈተ። ሰው በቀላሉ ከከተማ ወጥቶ ዳርቻ እንዲኖር ያስቻለ መንገድ ነው፤ ማን ሊኖር እንደሚችል ግን መንገዱ አልለወጠውም። በሰኔ 1966 ጄ. ቻርልስ ጆንስ የሚባል የሲቪል መብት ታጋይ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ያንን ሃይዌይ በእግሩ ዞረው። 66 ማይል። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ በቤልትዌዩ ዙሪያ ያሉ አፓርታማዎች ለጥቁር ተከራይ ይከፈቱ። ቤልትዌይን በመኪና እንኳ በሥራ መውጫ ሰዓት የሞከረ ሰው 66 ማይል በእግር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1968፣ በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ በዘር ማግለልን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ተፈረመ። በ1974 ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጊዜው የቀደመ ሕግ አወጣ፤ 50 እና ከዚያ በላይ ቤት የሚሠራ ገንቢ 15 በመቶውን መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው በሚመጥን ዋጋ እንዲያቀርብ አስገደደ። በ1978 የሜትሮ ባቡር ሲልቨር ስፕሪንግ ደረሰ።

አሁን የእኛን ቀን ከጎኑ አስቀምጡት። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ የወጣው በ1980 ነው። ዲቪ የተወለደው በ1990ው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ማለትም እኛ ሻንጣችንን ይዘን ስንደርስ በሩ ተከፍቶ ነበር። የከፈቱት ሌሎች ናቸው፤ ገና እኛን ሳያውቁን።

ሴንትራል ኤክስፕረስዌይ

ዳላስም የራሷ መንገድ አላት። ከመሐል ከተማ ተነስቶ ወደ ሰሜን በሪቻርድሰን አድርጎ ፕሌኖ የሚዘልቀው ሴንትራል ኤክስፕረስዌይ ይባላል። የእህቴ የሥራ መንገድ የሚሆነው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ክፍል የተከፈተው በ1949 ነው።

መንገዱ ሲቀየስ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች በመሠረቱት ሰፈር መሐል አለፈ። መቃብራቸውም ላይ አስፋልት ፈሰሰ። ይህ ተረት አይደለም፤ በ1990ዎቹ መንገዱ ሊሰፋ ሲቆፈር አርኪዮሎጂስቶች ከ1,100 በላይ አፅሞችን አንድ በአንድ አውጥተው በክብር ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩ። ወደ “ጥሩው ዳርቻ” የሚወስደው መንገድ የጀመረው ከሰው መቃብር ላይ ነው።

መንገዱ በተከፈተ ማግሥት፣ በ1950 እና በ1951፣ ደቡብ ዳላስ ውስጥ ጥቁሮች የገዟቸው ወደ ደርዘን የሚጠጉ ቤቶች በቦምብ ተመቱ። የጥቁር ቤተሰቦች የቤት እጥረት ከፍቶ ከነጮቹ ሰፈር ጋር ወደሚዋሰኑ መንገዶች መግባት ጀምረው ነበር። ከተማዋ ያገኘችው መፍትሔ ለጥቁር መካከለኛ ገቢ ቤተሰቦች ራቅ ብሎ በሰሜን በኩል አዲስ ሰፈር መሥራት ነበር። ሃሚልተን ፓርክ ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት በ1954 ሲሆን ከ700 በላይ ቤቶች ነበሩት። ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ነው የገቡት፤ አዲስ ቤት፣ የራስ ጓሮ፣ የራስ ትምህርት ቤት። ግን ከአንድ አጥር ውስጥ መውጣት አልተፈቀደላቸውም።

ከዚያው ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ በሴንትራል ኤክስፕረስዌይ ዳር፣ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ አዲስ ግቢ ሠራ። ጃክ ኪልቢ በ1958 የመጀመሪያውን የተቀናጀ ሰርኪዩት ለአለቆቹ ያሳየው በዚህ ድርጅት ውስጥ ነው። የእኔ እንጀራ ከዚያ ይጀምራል ማለት ይቻላል፤ ዛሬ ኮድ የምጽፍበት ማሽን በሙሉ የዚያ ቁራጭ ልጅ ነው። መሐንዲሶቹ ሥራ ሲይዙ ለቤት የሄዱት ወደ ሰሜን ነው፣ ወደ ሪቻርድሰን። የጥጥና የሽንኩርት እርሻ የነበረው መሬት በአንድ ትውልድ ወደ ትምህርት ቤትና ጓሮ ተለወጠ። ስለዚህ የሪቻርድሰን “ጥሩ ትምህርት ቤት” የመጀመሪያ ምሥጢሩ ቀላል ነው፦ የመሐንዲስ ልጆች ናቸው የገቡበት።

ትምህርት ቤቱ ለምን ከአድራሻው ጋር ታሰረ?

በ1970 ሳም ታዝቢ የሚባል የዳላስ አባት፣ ልጆቹ አሁንም በዘር በተለየ ትምህርት ቤት እንደሚማሩ ገልጾ የዳላስን ትምህርት ቤቶች ከሰሰ። ፍርድ ቤት ተማሪዎችን በአውቶቡስ እያዘዋወሩ መቀላቀልን አዘዘ። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ክትትል ሥር እስከ 2003 ቆየ። በዚህ መሐል የነጭ ቤተሰቦች መልስ መኪና ማስነሳት ሆነ። ወደ ሰሜን።

ቁጥሩን እዩት። በ1960 ፕሌኖ 3,695 ሰው ነበራት። በ1970 17,872። በ1980 72,331። በ2000 222,030። ለዚህ ዕድገት ብዙ ምክንያት አለ፤ ርካሽ መሬት፣ አዲስ መንገድ፣ ሥራ። ከዳላስ የትምህርት ቤት ትእዛዝ መሸሽም አንዱ ነው።

መሸሹ የሠራው ደግሞ ሌላ ፍርድ ስለደገፈው ነው። በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዲትሮይትን ጉዳይ ሲያይ፣ ከተማውን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን 53 የዳርቻ ዲስትሪክቶች ጨምሮ ተማሪዎችን የመቀላቀል ዕቅድ ቀርቦለት ነበር። በአምስት ለአራት ድምፅ ውድቅ አደረገው። ዳርቻዎቹ ራሳቸው ማግለላቸው እስካልተረጋገጠ ድረስ የዲስትሪክት ድንበር አይጣስም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዲስትሪክት መስመር ከማንኛውም አጥር የበለጠ ጠንካራ ሆነ። የመስመሩ ወዲያ ያለ ቤትና ወዲህ ያለ ቤት፣ በአንድ ግንበኛ በአንድ ዓመት ተሠርተው እንኳ፣ ዋጋቸው ይለያያል።

ዳላስ አካባቢ ደግሞ የዲስትሪክቱ መስመርና የከተማው መስመር አንድ አይደሉም። ይህን ሳያውቅ ቤት የሚፈልግ ሰው ይሳሳታል። ፖስታው “ዳላስ” የሚል ቤት ልጆቹን የሚልከው ወደ ሪቻርድሰን ዲስትሪክት ሊሆን ይችላል፤ ሪቻርድሰን ከተማ ውስጥ ያለ ቤት ደግሞ የፕሌኖ ዲስትሪክት ሊሆን ይችላል። የከተማ ስም አይታመንም። ቤቱን በአድራሻው ከዲስትሪክቱ ካርታ ላይ ማመሳከር የግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ መሐል ሁለት ነገሮች አስገርመውኛል። አንደኛው ያው ሃሚልተን ፓርክ ነው። ሰፈሩ የሪቻርድሰን ዲስትሪክት ነበርና በ1975 ዲስትሪክቱ የጥቁር ልጆችን ብቻ በአውቶቡስ ከማመላለስ ይልቅ የሰፈሩን ትምህርት ቤት እጅግ ጥሩ አድርጎ የነጭ ወላጆች ወደው ልጆቻቸውን እንዲያመጡ አደረገ። መጡም። ሁለተኛው ጋርላንድ ነው። የጋርላንድ ዲስትሪክት በ1980ዎቹ ከመጣ የፍርድ ቤት የመቀላቀል ትእዛዝ የተነሳ ወላጅ በዲስትሪክቱ ውስጥ የፈለገውን ትምህርት ቤት እንዲመርጥ የሚያስችል ሥርዓት ዘርግቷል። ቦታ እስካለ ድረስ አድራሻህ ዕጣህ አይደለም ማለት ነው። የቤት ሻጮች ይህን እንደ ጥሩ አገልግሎት ነው የሚያወሩት። ከየት እንደመጣ ስታውቁ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የክስ ፍሬ ነው።

ግብሩ

“ቴክሳስ እኮ የገቢ ግብር የለም!” ያላለን ዘመድ የለም። እውነት ነው፤ የስቴት የገቢ ግብር የለም። ግን ትምህርት ቤት በነፃ አይሠራም። የሚሠራው በዋናነት በቤታችሁ ላይ በሚጣል ግብር ነው፤ ከንብረት ግብር ሒሳባችሁ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ዲስትሪክት ነው።

ይህም ታሪክ አለው። በ1968 ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ዲሜትሪዮ ሮድሪጌዝ የሚባል አባት ከሌሎች የኤጅዉድ ዲስትሪክት ወላጆች ጋር ሆኖ ከሰሰ። ኤጅዉድ በአካባቢው ከፍተኛውን የግብር ምጣኔ ነበር የሚከፍለው፤ በየ100 ዶላሩ 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም። ከዚያ የሚገኘው ግን ለአንድ ተማሪ 26 ዶላር ብቻ ነበር። ጎረቤቱ አላሞ ሃይትስ 85 ሳንቲም ብቻ እየከፈለ ለአንድ ተማሪ 333 ዶላር ያገኝ ነበር። ቤቶቹ ውድ ስለሆኑ። ድሃው በምጣኔ የበለጠ ከፍሎ ያነሰ አገኘ። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አሁንም በአምስት ለአራት፣ ይህ የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት አይጥስም አለ።

የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 በራሱ ሕገ መንግሥት ሌላ መልስ ሰጠ፤ አሠራሩ ሕገ ወጥ ነው አለ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ1993 “ሮቢን ሁድ” የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ሕግ መጣ፤ ሀብታም ዲስትሪክቶች ከተወሰነ መጠን በላይ የሚሰበስቡትን ለሌሎች እንዲያካፍሉ ያስገድዳል። ፕሌኖ ከከፋዮቹ አንዱ ነው። ስለዚህ “ውድ ሰፈር ገዝቼ ግብሬ ሁሉ ለልጄ ትምህርት ቤት ይውላል” የሚለው ሒሳብ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም።

ለቤት ገዢ ጥቂት ተግባራዊ ነገሮች እዚህ ላይ ይከተላሉ። ዋና መኖሪያ ቤት ከትምህርት ቤት ግብር የሚቀነስለት መጠን በ2023 ወደ 100,000 ዶላር፣ በ2025 ደግሞ ወደ 140,000 ዶላር አድጓል፤ ግን ማመልከት አለባችሁ። አዲስ ቤት ከሆነ የመጀመሪያው ዓመት ግብር በባዶ መሬቱ ዋጋ ተሰልቶ ሊመጣ ይችላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ቤቱ ሲጨመር ወርኃዊ ክፍያው ድንገት ይዘላል። ራቅ ብለው በሚሠሩ አዳዲስ ሰፈሮች ደግሞ ለውኃና ለመንገድ ዝርጋታ የሚከፈል ተጨማሪ ግብር ይኖራል። የቤቱ ዋጋ ሲታይ ርካሽ የሆነው ነገር በወር ሲሰላ ርካሽ ላይሆን ይችላል።

ነጥቡ ምን ይለካል?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አንድ ቦታ ይገናኛል። ከአሥር የሚሰጠው የትምህርት ቤት ነጥብ በአብዛኛው የፈተና ውጤት ነው። የፈተና ውጤት ደግሞ ከወላጅ ገቢ ጋር በጣም የተያያዘ መሆኑን ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። ገቢና ሀብት ደግሞ ከላይ በተረኩት መስመሮች የተከፋፈለ ነው። ስለዚህ ነጥቡ በከፊል የሚነግራችሁ መምህሩ ምን ያህል እንደሚያስተምር ሳይሆን ሰፈሩ ማንን አስገብቶ ማንን እንዳስቀረ ነው። ሦስተኛው፣ ከጀርባ ያለው ነገር ይህ ነው። ከዚያ እኛ ለዚያ ነጥብ ስንል ተጨማሪ ገንዘብ እንከፍላለን፣ ዋጋው ይወጣል፣ ዋጋው ሲወጣ ገቢው የበዛ ሰው ይገባል፣ ነጥቡም ይወጣል። በእኛ ሙያ ቋንቋ ውጤቱ ተመልሶ ግብዓት የሚሆንበት ዙር ነው።

ትልልቅ ድርጅቶችም ዙሩን ያፋጥኑታል። ጄሲ ፔኒ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከኒው ዮርክ፣ ቶዮታ የሰሜን አሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤቱን በ2017 ከካሊፎርኒያ ወደ ፕሌኖ አዛወሩ። በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ እንደ እህቴ ያንኑ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ ልዩነቱ የእነሱ ደመወዝና የሸጡት የካሊፎርኒያ ቤት ዋጋ ነው። በ1990 ወደ ስድስት ሺህ ሰው የነበራት ፍሪስኮ በ2020 200,509 ደርሳለች።

ታዲያ ነጥቡን እንጣለው? አልልም። ልጆች አንድ ጊዜ ነው የሚያድጉት፤ የእህቴን ልጆች በመርህ ላይ ልሞክርባቸው አልፈልግም። ግን ሁለት ጥያቄ መለየት ይቻላል፦ ለትምህርቱ ስንት እየከፈልን ነው፣ ለመስመሩስ? ቴክሳስ ራሷ ለትምህርት ቤቶች ደረጃ ስታወጣ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ተማሪው ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንዳደገ የሚያሳይ ክፍል ታትማለች። እኔ ሠንጠረዡ ላይ የመጀመሪያውን ዓምድ በዚህ ተካሁት። ወዲያው ደረጃው ተለዋወጠ። ታች የነበሩ የጋርላንድና የሪቻርድሰን ትምህርት ቤቶች ወደ ላይ መጡ፤ ከላይ ከነበሩት አንዳንዶቹ መሐል ገቡ። ከ2002 ጀምሮ ወደ ሁለቱም ከተሞች የሚደርሰውን ባቡር ስጨምርበት ደግሞ የአንድ መኪና ወጪ ከሒሳቡ ወጣ።

እህቴ ትምህርት ቤቶቹን በሥራ ቀን ሄዳ እንድታይ መከርኳት። የእረፍት ሰዓት ላይ ልጆቹ እንዴት እንደሚጫወቱ፣ ቢሮ ያለችው ሴትዮ እንግሊዝኛው የማይፈጥን ወላጅ ሲመጣ እንዴት እንደምታናግረው እይ አልኳት። ሄደች። ሁለት ቀን ዞረች። ስትመለስ የነገረችኝ ከእኔ ኤክሴል ይበልጣል፦ “አንዱ ቤት አስፋልቱም ሣሩም ያምራል፤ ግን ሰው አላየሁበትም። ሌላው ጋ ልጆች መንገድ ላይ ብስክሌት ይነዳሉ፣ ከፊት ለፊቱ ቬትናሞች ናቸው፣ ከጎኑ ሜክሲኮዎች፣ አንድ አዛውንት ጥቁር ሰውዬ ደግሞ ሰላም ብሎኝ የቆሻሻ ቀን መቼ እንደሆነ ነገረኝ።” ሁለተኛውን ገዙ። ጋርላንድ ነው። ለውድ ሰፈሩ ሊከፍሉት ከነበረው ወርኃዊ ክፍያ የተረፈው የአንድ መኪና ክፍያ ያህላል፤ እሱን ለልጆቹ እያጠራቀሙት ነው።

የሚቀረው ነገር ከግዢው በኋላ ያለው ነው። ቤት የገዛ ሰው ወዲያውኑ የዋጋው ጠባቂ ይሆናል። አንድ ቀን ከሰፈሩ ጫፍ አፓርታማ ሊሠራ ነው የሚል ወረቀት በር ላይ ይለጠፋል፤ በከተማው ስብሰባ ላይ “ለሰፈሩ አይስማማም፣ ትምህርት ቤቱ ይጨናነቃል” የሚል ይነሳል። በ2025 የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች ትልልቅ ከተሞች በአዳዲስ የቤት ይዞታዎች ላይ ለአንድ ቤት ከ3,000 ካሬ ጫማ የበለጠ መሬት እንዳያስገድዱ ወስነዋል። መቶ ዓመት የሞላው የዩክሊድ መስመር በጥቂቱ እየተፋቀ ነው ማለት ነው። ሙግቱ ግን አሁንም በየከተማው አዳራሽ ይቀጥላል፤ ከእንግዲህ እኛም ድምፅ አለን፣ እኛም እንጠየቃለን።

በዚያን ጊዜ 1966ን ማስታወስ ይጠቅማል። እነዚያ ሰዎች በቤልትዌይ ዙሪያ 66 ማይል በእግራቸው የተጓዙት የራሳቸውን ቤት ዋጋ ለመጠበቅ አልነበረም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አፓርታማ ለሚፈልግ፣ ስሙን ለማያውቁት ሰው ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን አፓርታማ ከተከራዩት አንዷ እህቴ ናት።